ወንድሜ ጠመንጃ ልግዛልሽ አለኝ፤ የቱን ልበለው?

እትዬ፣ እንደምን ከርመዋል? የሚጽፉትን ሁሌ አነባለሁ። የእኔ ጉዳይ ግን እስካሁን ካነበብኳቸው ጋር አይመሳሰልም፤ ባልም ፍቅረኛም የለበትም።

ዕድሜዬ 27 ነው። ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግኩ፣ አሁንም ሽምብጥ ከወላጆቼ ጋር የምኖር ነኝ። ለሁለተኛ ዲግሪ ሁለት ዓመት ሕንድ አገር፣ ፑንጃብ ነበርኩ። ዩኒቨርሲቲው የኢላማ ተኩስ ክለብ ነበረው። ጎትታ የወሰደችኝ አንዲት ጓደኛዬ ነች፤ እሷ በሁለተኛው ሳምንት ተወችው፣ እኔ ግን ቀረሁ። በ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ነበር የምወዳደረው። ልመለስ ስል በነበረው የመጨረሻ ውድድር በ60 ተኩስ 598 ነጥብ አመጣሁ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከመጣሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። እዚህ ጠመንጃም የምተኩስበት ቦታም የለኝም። ጀርመን የሚኖረው ወንድም ጋሼ ይህን ሲሰማ "እኔ እገዛልሻለሁ፣ አንቺ ብቻ ምረጪ" ብሎ ሦስት አማራጭ ላከልኝ። አንዱ አዲስ፣ በታመቀ አየር የሚሠራ፣ ሰደፉ አሉሚኒየም የሆነ የውድድር ጠመንጃ ነው፤ ዋጋው 3,500 ዩሮ አካባቢ። ሁለተኛው የሥራ ባልደረባው የሚሸጠው አሮጌ ፌይንቬርክባው 300 ኤስ ነው፤ ሰደፉ እንጨት፣ በጎን ባለ ማንሻ የሚወጠር። ሦስተኛው በባሩድ ጥይት የሚሠራ፣ ለ50 ሜትር የሚሆን ባለ 5.6 ሚሊሜትር ጠመንጃ ነው። በዚህ ወር ካልወሰንሽ ገንዘቡን ለሌላ ነገር አውለዋለሁ ብሎኛል።

አባዬ የሜጫ ሰው ነው። ሲሰማ ተቀየመኝ። "የአያትሽ ምንሽር አገር ቤት ተቀምጦ፣ በነፋስ የሚተኩስ የልጅ መጫወቻ ከፈረንጅ አገር ይምጣ?" አለ። እማዬ ደግሞ በዚህ ጊዜ የመሣሪያ ስም ቤቴ ውስጥ እንዳይነሳ ብላ አለቀሰች። ቁመቴ 1 ሜትር ከ58 ነው፣ 50 ኪሎ እመዝናለሁ። የክለቡ ጠመንጃ ሁሌም ይረዝመኝ ነበር። ግራ ዓይኔንም በካርቶን ሸፍኜ ነበር የምተኩሰው። ወንድም ጋሼን የቱን ልበለው? ወይስ ነገሩን ልርሳው?

ግራ የገባኝ፣ ከሽምብጥ

* * *

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዋጋውም ከጠመንጃዎቹ ስምም በፊት ልቤን የያዘው "እኔ ግን ቀረሁ" ያልሽው ነው። ጎትታ ያመጣችሽ ልጅ ሄዳ አንቺ ከቀረሽ፣ ነገሩ የአንቺ ነው ማለት ነው። ስለዚህ "ልርሳው ወይ?" ላልሽኝ መልሴ አጭር ነው፤ አትርሺው። ግን ደግሞ በዚህ ወር ለወንድምሽ "ይሄኛውን ግዛ" ብለሽ እንድትጽፊለት አልፈልግም። የሚጋጭ ይመስላል፣ አይጋጭም፤ ቀስ ብለን እንየው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የናፈቀሽ ጠመንጃው ነው ወይስ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ቆማ የነበረችው ልጅ? ለአንድ ሰዓት ከሩብ ማንም የማይጠራት፣ ትንፋሿንና ጣቷን ብቻ የምትሰማዋ? ጠመንጃው ከሆነ የናፈቀሽ፣ ሲመጣ ናፍቆቱ ይወጣልሻል። ልጅቷ ከሆነች ግን አልጋ ሥር ተቀምጦ የሚያድር ጠመንጃ አይመልሳትም፤ ባየሽው ቁጥር ይቆጭሻል እንጂ። ለራስሽ መልሺው፣ አትቸኩዪ።

አሁን ወደ ነጥብሽ። 598ን እንደ ዋዛ ነው የጻፍሽው። አንድ ተኩስ ቢበዛ 10.9 ያስቆጥራል፣ ስልሳው ሲደመር 654 ነው። 598 ማለት በአማካይ አሥር ልትመቺ ምንም አልቀረሽም ማለት ነው። በዚያ ኢላማ መሃል ያለችው የአሥሯ ነጥብ ደግሞ ስፋቷ ግማሽ ሚሊሜትር ነው፤ ከጤፍ ፍሬ ታንሳለች። እና አንቺ በማይለካሽ፣ በጋራ ጠመንጃ፣ ከ10 ሜትር ላይ ቆመሽ ነው ይህን ያደረግሽው። ዓለም ላይ የታወቁት ተኳሾች ከ625 በላይ ይተኩሳሉ። ልዩነቱ ሲታይ ብዙ ነው፣ ለስልሳ ሲካፈል ግን በአንድ ተኩስ ግማሽ ነጥብ እንኳ አይሞላም። ወረቀቱ ላይ ሲለካ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ነው። አንቺንና እነሱን የሚለያችሁ አንድ የጤፍ ፍሬ ነው፣ ስልሳ ጊዜ።

ያቺን የጤፍ ፍሬ ብረቱ ውስጥ አትፈልጊያት። አሮጌው ፌይንቬርክባው በደንብ ከተያዘ ማሰሪያ ላይ ታስሮ ሲተኮስ በ10 ሜትር ጥይቶቹን አንድ ቀዳዳ ውስጥ ይከታቸዋል። የ3,500 ዩሮውም እንደዚያው። ሁለቱም ከአንቺ እጅ ይልቅ ይረጋሉ። ልዩነቱ ሰውነትሽ ላይ እንዴት ይቀመጣል የሚለው ላይ ነው፤ "ሁሌም ይረዝመኝ ነበር" ያልሻት አንዲት ዓረፍተ ነገር ከሦስቱም አማራጮች በላይ የምትከብደኝ ለዚህ ነው።

ቆመሽ ስትተኩሺ ግራ ክርንሽ ዳሌ አጥንትሽ ላይ ያርፋል፣ ክብደቱን ጡንቻ ሳይሆን አጥንት ይሸከመዋል። ይሄን አሠልጣኝሽ ደጋግሞ ነግሮሻል ብዬ እገምታለሁ። ሰደፉ ሲረዝም ግን ጠመንጃው ወደ ፊት ይሄድብሻል፣ አንቺ ሚዛን ለመጠበቅ ወደ ኋላ ትለጠጫለሽ፣ አንገትሽ ይዘረጋል፣ ጉንጭሽ ማስደገፊያው ላይ በየተኩሱ ሌላ ቦታ ያርፋል። ሠላሳኛው ተኩስ አካባቢ ወገብሽን ያምሽ አልነበር? ነጥብሽስ የሚወርደው ከዚያ በኋላ አልነበር? እንደዚያ ከሆነ የጎደለሽ ችሎታ አልነበረም፤ ጥቂት ሴንቲሜትር ማጠር ነበር።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ሜትር አምጪ። ቀኝ ክርንሽን በ90 ዲግሪ እጠፊና ከክርንሽ መታጠፊያ እስከ ሌባ ጣትሽ የመጀመሪያ አንጓ ለኪ። ይህ ከሰደፉ ጫፍ እስከ ቃታው ላለው ርቀት መነሻ የሚሆን ቁጥር ነው። የመጨረሻው ልክ አይደለም፤ ጃኬት ሲለበስ ይቀየራል። ቢሆንም ለወንድምሽ ከምትልኪለት ከማንኛውም የጠመንጃ ስም ይሻላል። ሕንድ ካሉት ጓደኞችሽ መካከል ስትተኩሺ በጎን ያነሳሽ ካለ ፎቶውን አስልኪ። አንገትሽ ቀጥ ብሎ ነበር ወይስ ተዘርግቶ? ከፎቶው ታዪዋለሽ።

ክብደቱንም አስቢው። ለ10 ሜትር ውድድር የሚፈቀደው ከፍተኛ ክብደት 5.5 ኪሎ ነው። አንቺ 50 ኪሎ ነሽ፤ ከአንድ አሥረኛሽ በላይ ተሸክመሽ ስልሳ ጊዜ ልታነሺ ነው። ከባድ ጠመንጃ ይረጋል የሚለው እውነት ነው፣ የሚይዘው ሰው እስካልደከመ ድረስ። 300 ኤሱም ወደ አምስት ኪሎ ይጠጋል። ለወጣቶችና አጠር ላሉ ሰዎች ብለው ቀለል አድርገው የሚሠሯቸው አሉ። ፌይንቬርክባውም፣ ቫልተርም፣ አንሹትዝም ይሠራሉ። ሰደፋቸው ይረዝማል፣ ያጥራል፣ የጉንጩ ማስደገፊያ ከፍ ዝቅ ይላል። ወንድምሽ ከላከልሽ ሦስቱ መካከል እንዲህ ለአጠር ያለ ሰው ተብሎ ቀለል ያለ የለም። ክፋት ኖሮበት አይመስለኝም፤ ወንድም ለእህቱ ሲገዛ ትልቁን ነው የሚያየው።

የግራ ዓይንሽን ነገር ደግሞ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ብዙ ተኳሾች የማያነጣጥሩበትን ዓይን ይሸፍናሉ፣ ነውር የለውም፣ ደንቡም ይፈቅዳል። ግን የሸፈንሽው እንዳይደክምሽ ነው ወይስ ግራው እየቀደመ እያስቸገረሽ? ይህን ሞክሪ። ነገ ጠዋት ጣና ዳር ስትወጪ የቅዱስ ጊዮርጊስ ጉልላት ከሩቅ የሚታይበት ቦታ ቁሚ። ሁለት እጅሽን ወደ ፊት ዘርጊ፣ መዳፎችሽን ደርበሽ መሃላቸው ላይ ትንሽ ቀዳዳ ተዪ፣ ሁለቱም ዓይንሽ ተከፍቶ መስቀሉን በቀዳዳዋ እዪው። ከዚያ ግራ ዓይንሽን ጨፍኚ። መስቀሉ እዚያው ካለ ቀኝ ዓይንሽ ነው አለቃው፣ ከጠፋ ግራው ነው። ግራው ከሆነ በግራ ትከሻ መተኮስን መሞከር ነበረብሽ ማለት ነው። ያን ጊዜ የቀኝ እጅ ሰደፍ ያለው ጠመንጃ፣ አሮጌም ይሁን አዲስ፣ ገና ሳይመጣ ተበላሸ። ለሁለቱም እጅ የሚሆን ወይም መያዣው የሚቀየር መፈለግ ሊኖርብሽ ነው። አንዲት ደቂቃ የማይፈጅ ሙከራ 3,500 ዩሮ ሊያድን ይችላል።

የአየሩንም ነገር አስቢ። አዲሱ ጠመንጃ ሲሊንደሩ ውስጥ እስከ 200 ባር የታመቀ አየር ይፈልጋል። የብስክሌት ጎማ የሚሞላው ልጅ ይህን አይሞላልሽም፤ የመኪና ጎሚስታ ኮምፕረሰርም ወደዚያ አይጠጋም። ለዚሁ የተሠራ የእጅ ፓምፕ አለ፣ ጉልበት ይጠይቃል፣ ይቻላል። ሲሊንደሩ ራሱ ዕድሜ አለው፤ ፋብሪካው ያተመበት ቀን ብዙ ጊዜ 10 ዓመት ነው፣ ካለፈ በውድድር ላይ አይቀበሉሽም። ስለዚህ ያገለገለ ሲገዛ መጀመሪያ የሚታየው ሲሊንደሩ ላይ ያለው ቀን ነው። በአውሮፕላን ሲጓዝም ባዶ ሆኖ ነው። አሮጌው 300 ኤስ ይህ ሁሉ የለበትም፤ ማንሻውን ትስቢያለሽ፣ ትተኩሻለሽ፣ ጣጣ የለውም። ሰደፉ እንጨት ስለሆነ ደግሞ ጥሩ አናጢ ሊያሳጥረው ይችላል፤ የተቆረጠ እንጨት ግን አይመለስም፣ ስለዚህ ሳይቆረጥ ብዙ ጊዜ መለካት ነው። ስፕሪንጉና የአየር ማሸጊያው ሲያረጅ ግን መለዋወጫው ባሕር ዳር ገበያ የለም፣ ከዚያው ከጀርመን ነው የሚመጣው።

የ50 ሜትሩን ተዪው። ጥሩ ስፖርት ነው፣ ተንበርክኮ፣ ተኝቶና ቆሞ ይተኮሳል፣ ውበቱ አይካድም። ግን የባሩድ ጥይት ነው፣ ሜዳ ይፈልጋል፣ ከቀትር በኋላ ከጣና ወደ ከተማው የሚመጣውን ነፋስ ታውቂዋለሽ፣ ያቺን ትንሽ ጥይት ይወስዳታል። ከሁሉ በላይ ግን ዛሬ በዚህ ከተማ ማንም ሰው ቤቱ እንዲያስገባ የምመክረው ዕቃ አይደለም።

ወደ እናትሽ የሚያመጣኝም ይሄው ነው። እማዬ ፈሪ ሆና አይደለም ያለቀሰችው። አካባቢያችን ምን ዓይነት ጊዜ ላይ እንደሆነ አንቺም እኔም እናውቃለን። ኬላ ላይ ሳጥን ሲከፈት፣ ውስጡ ያለው ጠመንጃ በአየር ይሁን በባሩድ የሚሠራ መሆኑን ቆሞ የሚያስረዳ ጊዜ ያለው ሰው አታገኚም። ሕጉም አለ፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ ማስገባትንም መያዝንም ይከለክላል። "ስፖርት ነው" የሚለው ቃል ብቻውን ጉምሩክ ላይ አያሳልፍም። ስለዚህ ማንኛውም ዕቃ ከጀርመን ከመነሳቱ በፊት በጽሑፍ ጠይቂ፣ በጽሑፍ መልስ ተቀበይ፤ "ችግር የለውም" የሚል የቃል ምክር ከማንም አትውሰጂ። ወረቀቱ ሳይኖር ወንድምሽ ሻንጣ ውስጥ ከትቶ ላምጣ ቢልሽ፣ እባክሽ፣ እምቢ በይው። እሱንም አንቺንም እስር ቤት የሚከት ነገር ነው።

እኔ ብሆን እንደ ግለሰብ አልጀምረውም፤ በክለብ በኩል እሞክራለሁ። አንድ ገጽ ጻፊ። ማን እንደሆንሽ፣ የት እንደተወዳደርሽ፣ 598ቱን፣ ለ10 ሜትር የሚያስፈልገው አንድ ዝግ አዳራሽና ጥይቱን የሚይዝ ግድግዳ ብቻ መሆኑን አስፍሪ። አንዱን ቅጂ ለባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ስፖርት አካዳሚ፣ ሌላውን ለከተማው ስፖርት ቢሮ ስጪ። ፈቃዱም ጥበቃውም በተቋም ስም ከሆነ ጠመንጃው ቤትሽ አያድርም፣ እናትሽም ትተኛለች። መልሱ ይዘገያል፣ ምናልባት ሦስቴ ትመላለሻለሽ። ተመላለሺ። እዚህ እስኪፈቀድ ደግሞ በዓመት አንዴም ቢሆን ሕንድ ሄደሽ የምትተኩሺበት ዕድል እንዳለ የድሮ አሠልጣኝሽን ጠይቂው። ሲፈቀድ የምገዛውን ከጠየቅሽኝ፣ ያገለገለ፣ ሰደፉ የሚስተካከል፣ ቀለል ያለ፣ የሲሊንደሩ ቀን ያላለፈ የአየር ጠመንጃ ከእጅ ፓምፑ ጋር ነው። የ3,500ው አይደለም።

አባትሽን ደግሞ አትለፊያቸው። "የልጅ መጫወቻ" ሲሉ የሰማሁት ንቀት አይመስለኝም። እኔም ግድግዳ ላይ ውጅግራ ተሰቅሎ ያደግኩ ነኝ፤ በእኛ አገር አባት መሣሪያውን ለልጁ ሲያሳይ የሚሰጠው ብረት ብቻ አይደለም። አንቺ ሴት ልጃቸው ተኳሽ ሆነሽ መጣሽ፣ እሳቸው ግን የሚሰጡሽ ነገር ያጡ መሰላቸው። በምንሽሩ መለማመድ አትችይም፣ ትርፉም አደጋ ነው። የሕንዱን ኢላማ ወረቀት ግን ይዘሽ መጥተሻል? ካለሽ ከእራት በኋላ አጠገባቸው ቁጭ በይና አሳዪያቸው። የመሃሏን ነጥብ በጣታቸው ይፈልጓት። ከዚያ "አባዬ፣ ቃታ ስትስብ ትንፋሽህን የት ላይ ነበር የምትይዘው?" ብለሽ ጠይቂያቸው። ስለዚህ ነገር የሚያውቁት አለ፣ ለአንቺም ይጠቅምሻል። ደግሞ ያን ማታ ቅያሜው ምን ያህል እንደሚቀልል ታያለሽ።

ለወንድምሽ ዛሬ ነገ ሳትይ ጻፊለት። እንዲህ በይው፦ "ወንድም ጋሼ፣ ስላሰብክልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ከሦስቱ አንዱም ለእኔ ቁመትና ክብደት ተብሎ የተሠራ አይደለም፣ ፈቃዱም ገና ነው። ልኬን ልኬልሃለሁ። ገንዘቡን እስከ ወረቀቱ አቆይልኝ፣ ካልቻልክም አልቀየምም።" የመጨረሻዋን ሐረግ ከልብሽ በያት፣ ምክንያቱም በቀን ቀጠሮ የተሰጠ ስጦታ ያስቸኩላል፣ ሰው የሚሳሳተውም ሲቸኩል ነው። ገንዘቡ የግድ በዚህ ወር መውጣት አለበት ካለ ደግሞ በልክሽ የተኩስ ጃኬትና ጫማ ያሠራልሽ። ጃኬት ፈቃድ አይጠይቅም፣ ማንንም አያስፈራም፣ ለወገብሽም የሚሰጠው ድጋፍ ቀላል አይደለም።

እስከዚያው ቤት ውስጥ ሰውነትሽን ጠብቂው። ጠመንጃ የሚመስል እንጨት ይዘሽ ግን በረንዳ ላይ እንኳ እንዳትቆሚ። ባለ ሁለት ሊትር ውኃ በግራ እጅሽ ያዢ፣ ክርንሽን ዳሌሽ ላይ አሳርፊ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ አንድ ደቂቃ ቁሚ፣ አርፊ፣ ድገሚ። በሳምንት አራት ቀን፣ ሃያ ደቂቃ። የሉና ሰለሞንን ታሪክ ሰምተሽ ይሆናል። ኤርትራዊት ስደተኛ ነች፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ስዊዘርላንድ ውስጥ ስትጀምር ጠመንጃ ይዛ አታውቅም ነበር። ያሠለጠናት ጣሊያናዊው ኒኮሎ ካምፕሪያኒ በኦሎምፒክ ሦስት ወርቅ ያለው ሰው ነው። በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሎምፒክ በስደተኞች ቡድን ስም በዚሁ በአንቺ ውድድር፣ በ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ቆማ ተኮሰች። አንቺ እሷ ከተነሳችበት ሁለት ዓመት ቀድመሽ ነው የቆምሽው።

ከጊዮርጊስ ጉልላት ስትመለሺ የቱ ዓይንሽ እንደሆነ ጻፊልኝ። አባትሽ ስለ ትንፋሹ ያሉሽንም።